ዳማ በጾም ቀን ደህና ናት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2008

ውሻችን ዳማ ዛሬም ግንባሯን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቆመች። ስጠራት አትሰማም። ለሃጯ ይዝረበረባል። ከምሳ በኋላ ነው፤ ከሉካንዳ ያመጣሁላትን ቁርጥራጭ ጥርግ አድርጋ በልታ ነበር።

ጎረቤቴ ዘይነባ ልጆቿን ሰብስባ ቤት አስገባች። «የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይሆን ብቻ» አለችኝ በአጥሩ በኩል። ተቆጣሁ። «እርጉዝ ናት፣ ሆዷን አታይም?» አልኳት። እውነትም እንደዚያ ይመስለኛል። አጥንቷ ወጥቶ ሆዷ ብቻ ተነፍቷል።

ባሌ ጌታነህ ቴፒ ነው፣ የቡና ለቀማ ላይ። ዳማን ከጌጫ በኮቱ ኪስ ይዟት የመጣ እሱ ነው። ዓመታት አለፉ፣ እሷ ግን ከቡችላ ብዙም አልበለጠች። ደውዬ ስነግረው «አቅም አጥታ ነው፤ ስጋ አትንፈጊያት» አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10

ጾም ስለሆነ የበላችው የሽሮ ፍትፍት ነው። ደህና ዋለች። ጭራዋን እየቆላች እስከ ስፌት ቤቴ ተከተለችኝ። የትናንቱ ስጋ አበረታት ብዬ ደስ አለኝ። ነገ እጨምርላታለሁ። ዝናቡ አላባራም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11

ምነው እጄን በቆረጠው። ጉበት ገዝቼ አበላኋት። ጥቂት ቆይታ ግቢውን መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፣ ከባልዲው ጋር ተላትማ ወደቀች። እግሮቿ ይንፈራገጣሉ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። የማዶው ጡረተኛ አቶ ዓለሙ ዱላ ይዘው ነው የመጡት። «ጨክኚ ልጄ፤ ትገደል» አሉኝ። ዘይነባ ትንሿን ልጇን አቅፋ ቆማለች።

እስከ ነገ ታገሡኝ ብዬ ለመንኳቸው። እንጨት ቤት አስገብቼ ዘጋሁባት።

ለጌታነህ ደወልኩ። መኪና እያስጫነ ነበር፤ ጫጫታ ነው። «እንግዲህ ውሻ ናት። ሰው ከምትነክስ ያሉሽን አድርጊ» አለኝ። ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 12

የእንስሳት ሐኪሙን ዶክተር ምትኩን ወደ ሸዋ ቤንች ለከብት ክትባት ሲወጣ መንገድ ላይ ያዝኩት። እግዜር ይስጠው፣ መጣ። ወፍራም ጓንት አጥልቆ ቀስ ብሎ ቀረባት። ዳማ ዝም ብላ ተኛችለት። ሆዷን ዳበሰ፣ ግራ ጎኗ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ጣፊያዋ አብጧል። ሆዷ ውስጥ ያለው ደግሞ ውሃ ነው፤ ቡችላ የለም» አለ። ከዚያ ምን እንደምትበላ፣ መቼ መቼ እንደሚያማት ጠየቀኝ። «በጾም ቀንስ?»

አሰብኩ። በጾም ቀን አሟት አያውቅም።

«ከአንጀት የሚመጣው ደም ጉበት ገብቶ መጣራት ነበረበት። የእሷ የደም ሥር ከአፈጣጠሩ ልክ አይመስለኝም። ደሙ ጉበቱን ትቶ በሌላ በኩል ያልፋል፤ ከስጋው የሚመጣው መርዝ ሳይጣራ ጭንቅላቷ ላይ ይወጣል። በመሣሪያ ሳይታይ ግን እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ መሣሪያው እዚህ የለም።»

ለጥንቃቄ ታስራ ትቆይ አለ። ስጋ በአፏ አይዙር። ሩዝ፣ ትንሽ ወተት፣ ለሰው ሆድ ድርቀት የሚታዘዘው ሽሮፕ።

በገዛ እጄ ነው እንግዲህ። እየሳሳሁላት።

ዘይነባ ሰምታ ወተት ይዛ መጣች። አቶ ዓለሙም «እስቲ እናያለን» ብለው ቤታቸው ገቡ። ይሄም ድል ነው።

ጌታነህ ደጋግሞ ደወለ። አላነሳሁም። ትንሽ ይቃጠል አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

ከስፌት ቤት ስመለስ ጌታነህ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው። ዳማ ገመዷ ተፈትቶ እግሩ ሥር ተኝታለች። አጠገቡ ደም የነካው የሉካንዳ ወረቀት።

«አልገደሏትም!» አለኝ እየሳቀ። «ከቴፒ በመጀመሪያው መኪና ነው የመጣሁት። እንዴት እንደበላች ብታዪ፣ ከእጄ ነው...» ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

በእጄ ወደ ዳማ አመለከትኩት። እሷ ተነስታ መዞር ጀምራ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 14

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ዓይኗ ተከፍቷል፣ አያይም። ዶክተሩ መጥቶ ግሉኮስ ሰጣት፤ መዋጥ ስላቃታት ሽሮፑን በውሃ በጥብጦ በታች በኩል አስገባላት። ተስፋ አልሰጠንም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ ጌታነህ።

«ትገደል ያልከው አንተ አይደለህ?»

«ብያለሁ። ካልኩ ወዲያ እህል አልቀመስኩም። ዓርብ የደወልኩት እኮ ይቅር በይኝ፣ እንዳትነኳት ልል ነበር።»

 አንድ ጊዜ ስልኩን ባነሳው ኖሮ። አንድ ቃል ብቻ፣ «ስጋ አይሆናትም» ብዬው ቢሆን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 15

ጠዋት ጆሮዋ ተነቃነቀ። ከቀትር በኋላ ወተት በማንኪያ ወሰደች፤ አልመለሰችውም። ጌታነህ «ዳማዬ» ሲላት ጭራዋን ትንሽ አነሳች። ወይም አነሳች አልን።

ዶክተሩ «ለዛሬ ተርፋለች። ይሄ ጉበት እስከ መቼ እንደሚችልላት ግን አትጠይቁኝ» ብሎ ሄደ።

ጌታነህ ወደ ቴፒ አልተመለሰም። አሁን ከጎኗ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ «አጠፋሁ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ይላታል ጀርባዋን እያሻሸ። እኔም እሱ ወጣ ሲል ጠብቄ ያንኑ ስላት ነው የዋልኩት። ለእሷ ማለቱ ይቀላል። እርስ በርሳችን ገና አልተባባልንም።