ይቅርታ የማይጠየቅበት ሸክላ

ግሪንዉድ፣ ሚሲሲፒ
ሰኞ፣ ጁላይ 17 ቀን 1967

ለእንቁራሪቴ ለቬርኔታ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔን ከጉልበቴና ከጎረቤቴ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። «አያቴ፣ ለነሐሴው የቤተ ክርስቲያን መሰባሰቢያ እሑድ ስመጣ በጉባኤው ፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አንተ ብቻ ወደ ዲያቆን ወንበርህ ተመለስ» ትያለሽ። ለየትኛው ነው ይቅርታው? የኒው ዮርክ አሳታሚዎችሽ በቫዮሊን ከበው እንደ ሰርግ ኬክ አስጊጠው ላስዘፈኑሽ ሸክላ ከሆነ፣ እኔም አብሬሽ ቆሜ እጠይቃለሁ። እነዚያን ሸክላዎች ከእናትሽና ከእኔ በቀር የገዛቸው የለም፤ እኔም እናትሽን ፈርቼ ነው።

ይኼኛውን ግን ሜምፊስ ገብተሽ፣ ቫዮሊኑን አስወጥተሽ፣ እኔ መዝሙር እንደምመራው አድርገሽ ዘፈንሽው። አንቺ መስመሩን ታወጪያለሽ፣ ጥሩምባዎቹ እንደ ምእመን ተቀብለው ይጎትቱታል። ይኸው አሁን ፀጉር አስተካካዩ ቤት አንቺ፣ ጥጥ መዳመጫው በር ላይ አንቺ፣ ዓሣ ጠባሿ ዘንድ አንቺ። ጆሮዬን የት ላሳርፍ?

ፓስተር ግሪግስቢ ባለፈው ወር ስብከቱን አቋርጦ፣ «ቬርኔታ የእግዚአብሔርን ዜማ ወስዳ፣ ጥሏት ለሄደ ወንድ አለቀሰችበት። እዚህ ቆማ ይቅርታ ሳትጠይቅ ከመዘምራኑ ጋር አትቆምም» አለ።

ተነሣሁ። «ፓስተር፣ ዳዊት ለአቤሴሎም ሲያለቅስ ዜማውን ከማን ተበደረ?»

«ዲያቆን ፐርቪስ፣ ይቀመጡ!»

«ዜማውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠያቂ ካስፈለገህ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አልጠይቅህም።»

እማማ ኦዴሳ ከፊት ከአሮጊቶቹ ወንበር ሆና፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ስትሞት አፍህ ለብቻው ነው የሚቀበረው!» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የዲያቆን ወንበሬን ለቅቄ የምቀመጠው የኋላው አግዳሚ ላይ ነው። ለጉልበቴ ይመቻል፤ እግር መዘርጊያ አለው፤ ከበሩም ነፋስ ይገባል።

ትናንት መዝሙሩን እንዲመራ ዲያቆን ታይረስን አቆሙት። ምስኪን፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ድምፁን ከጣራው በላይ ሰቀለው! ሕዝቡ ሊቀበል አፉን ከፈተ፣ እዚያ ከፍታ ላይ የሚደርስ ግን ጠፋ። ፓስተሩ ወደ እኔ አየ። እኔ መስኮቱን አየሁ። በመጨረሻ ኦዴሳ ዝቅ አድርጋ፣ ከሆዷ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ቤቱ በሙሉ ተከተላት፤ ፓስተሩም ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን!» አለ። ልጄ፣ ያቺ ማንጎራጎር እኮ ያንቺ ናት፤ ሸክላሽ ሲጀምር፣ ገና ቃል ሳታወጪ የምትቃትቻት!

ስንወጣ ጠብቄ፣ «ኦዴሳ፣ አንቺስ ይቅርታውን መቼ ነው የምትጠይቂው?» አልኳት።

«ለማን? ለግሪግስቢ? ዳይፐሩን የቀየርኩለት እኮ እኔ ነኝ! ሂድ ወዲያ!»

እንግዲህ ለእኔ ወንበር ብለሽ አንገትሽን እንዳትደፊ። ወንበሩን አልፈልገውም። ማለዳ ማለዳ ጓሮ ወጥቼ ለዶሮዎቹ መዝሙር እመራለሁ፤ ተቀብለው አይዘምሩም እንጂ በደንብ ያዳምጣሉ።

ለነሐሴው እሑድ ነይ። ያንን ቀይ ቀሚስሽን ልበሺ። ፓስተሩ ቆመሽ ይቅርታ ጠይቂ ካለሽ እግርሽን ዘርግተሽ አጠገቤ ተቀመጪ፤ ቦታውን ኮፍያዬን አስቀምጬ እይዝልሻለሁ።

ያንን ጉሮሮ የሰጠሽ ጌታ ከብርድም ከይቅርታ አስጠያቂም ይጠብቅልሽ። ከእኔ የተረፈውን ዕድሜ ሁሉ ያድልሽ።

አያትሽ
ኦበዲያ ፐርቪስ
(«ዲያቆን» የሚለውን ቀለም ለመቆጠብ ትቼዋለሁ)