ላንጋኖ ላይ የምትጠፋው ሞተር

ኅዳር 12

ዛሬ ከሱቄ ሁለት ፓምፕ ተሸጠ። አንዱ ቤቴል ላለ ክሊኒክ፣ አንዱ ለግንበኛ። ከሰዓት በኋላ ፀጥ... ውሃ የመጣበት ቀን ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካን ላይ ነው፤ ፓምፕ የሚጠይቅ የለም።

ወንድሜ አብራር ቀኑን ሙሉ ጓሮ ዋለ። ጄት ስኪዋ ጋ። ያቺ ከዱባይ ከመጡ ያገለገሉ ፓምፖች ጋር በአንድ ኮንቴይነር የመጣችው፣ ሁለት ዓመት ሸራ ለብሳ የተቀመጠችው ጉድ። ጎረቤት «ባጃጅሽ» ይላታል። ውሃ ላይ የምትሄድ ሞተር ሳይክል ኮልፌ ምን ትሠራለች? እኔም ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ፈላጊ መጣላት። ላንጋኖ አዲስ ሎጅ የምታስተዳድር ዱሬቲ የምትባል ሴት፤ ለገና እንግዶቿ ትፈልጋታለች። ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የሚነዳላትንም ጭምር። አብራር ሠላሳ ሊሞላው ወር ሲቀረው የመጀመሪያ ቋሚ ሥራው...

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ሚኒሞ አትይዝም፤ ነዳጅ ሳይሰጣት በዝግታ መሥራት አትችልም። ነዳጅ ሲሰጣት ታጓራለች፤ ሲለቅላት ሁለቴ ታስልና ትጠፋለች።

«ቀላል ነው እታለም» አለኝ።

ኅዳር 13

ቀላል አይደለም።

ሻይ ይዤለት ሄድኩና ጠየቅኩት። ፍሬኗ የቱ ጋ ነው? የላትም። እንደ ጀልባ ከኋላ የሚያዞራትስ? እሱም የላትም። በሆዷ ውሃ ስባ በኋላዋ ትተፋለች፤ የምትታጠፈውም በምትተፋው ውሃ ነው።

«ሞተሩ ከጠፋስ?»

«መሪው ዝም ብሎ ይዞራላ! እሷ ወደ ጀመረችው ትሄዳለች።» ሳቀ።

አልሳቅኩም። ዋና አይችልም። እኛ ቤት ማንም አይችልም። ከዩሱፍ በኋላ ማን ይማር?

ዩሱፍን እዚህ ጽፌው አላውቅም። ከእኔ በታች፣ ከአብራር በላይ። ሰባት ዓመቱ ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ከቤታችን በላይ ያለውን፣ ድንጋይ የሚወጣበትን የካባ ጉድጓድ ዝናብ ሞልቶት... አብራር ያኔ ጡት ይጠባል። የሚያውቀው «ካባ ውስጥ ገባ» የሚለውን ብቻ ነው። ከማን ጋር እንደነበረ ማንም አልነገረውም።

ኅዳር 16

ተራ በተራ እየሄደባት ነው። ካንዴላዋ ጠቁራ፣ ረጥባ ወጣች፤ አዲስ ገባ። ጠፋች። ባትሪ ተሞላ። ጠፋች። የከረመው ቤንዚን ቀለም ማቅጠኛ ይሸታል፤ ተደፋ፣ አዲስ ተሞላ፣ ፊልትሮው ተቀየረ። ትንሽ ቆየችና... ጠፋች።

ያለ ውሃ ከቆየች ትቃጠላለች። ስለዚህ ከሮቶው በጎማ ውሃ እየሰጠናት ነው። ጎረቤቴ እትዬ ማኑሄ በአጥር አዩን።

«እኛ ለመጠጥ እንሰለፋለን፣ ያንቺ ባጃጅ ገላዋን ትታጠባለች!»

እውነታቸውን ነው። ሁለት ጀሪካን ሞልቼ በአጥሩ አሳለፍኩላቸው። ምርቃት ሆነ።

የገረመኝ ራሴ ነኝ። ሱቅ ተቀምጬ ድምፁ በተቋረጠ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። መሬት ላይ ቆማ እያለች! ምንድነው የሚያስፈራኝ?

ኅዳር 20

ያዘች!

ካርቡሬተሩን ፈታው። የመርፌ ጫፍ የማታክል ቀዳዳ በነጭ ነገር ተደፍናለች። በሚኒሞ ጊዜ ቤንዚኑ የሚያልፈው በዚያች ብቻ ነው አለኝ። አጠበ፣ ነፋ፣ ገጠመ። ከዚያ ጆሮውን አስጠግቶ የቤንዚኑን መጠን የምትወስነውን ብሎን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ... ሃያ ደቂቃ ዱክ ዱክ ዱክ። ሠርግ ቤት የገባ ይመስል ጨፈረ።

እኔ? ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ዕቃ ሸጫለሁ። ገዢ ሊመጣ ሲል የዳነ ዕቃ አላምንም። ለዱሬቲ ደወልኩ፤ ከመረከብሽ በፊት ውሃ ላይ እንያት አልኳት። «እናንተ ካያችኋት ይበቃኛል» አለች።

እኔን አይበቃኝም።

ኅዳር 25

ትናንት ላንጋኖ ነበርን።

ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። ጉልበት ድረስ የገባ ሰው እግሩን አያይም። አብራር ብርቱካንማውን፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት ለበሰ፣ አስነሳ፣ ሄደ። እንዴት አድርጋ ሄደች! ዱሬቲ አጨበጨበች። ዞሮ ወደ እንጨት መድረኩ ሲቃረብ ነዳጁን ለቀቀ። ድምፁ ቀጥ አለ። መሪውን ሲጠመዝዝ አየሁት፤ እሷ ግን እንደ ጀመረችው። መድረኩ ጥግ አንድ ሠራተኛ ወገቡ ድረስ ገብቶ ችካል ይመታ ነበር።

«ዘወር በል! ሰውዬ፣ ዘወር በል!» ብዬ ጮህኩ።

ሰውየው ራሱን ወረወረ። አንድ ክንድ ቢቀረው ነው። የመድረኩን ቋሚ መታችው፤ አብራር በላይዋ ተሽቀንጥሮ ሄደ።

ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። ብርቱካንማ ነገር አልነበረም። ቡኒ ውሃ ብቻ...

ከዚያ ወጣ። ያስላል፣ ይስቃል። «አለሁ እታለም! አለሁ!»

እኔ ዳር ቆሜ ነበር። አንድ እርምጃ አልገባሁም። ልክ እንደዚያን ቀን።

ኅዳር 27

ኮልፌ መለስናት። ከአይሱዙው አውርደን ውሃ ሰጠናትና አስነሳናት። ዱክ ዱክ ዱክ። ግማሽ ሰዓት። ምንም እንዳልሠራች!

ይሄ ከመጥፋቷ ይበልጥ አስፈራኝ። እትዬ ማኑሄ «ጂን አለባት፤ ባሕር ሲያይ የሚነሳ» አሉ። ሳቅኩ። ግን ጓሮ ስሄድ ዞሬ ነው የማልፋት።

አብራር ሚኒሞውን ከፍ እናድርገው ይላል። ከፍ ካደረግነውስ? ማርሽ የላት፣ ፍሬን የላት። ነዳጅ ለቀውላትም ወደ ሰው እየገፋች ትመጣለች። አይሆንም አልኩ።

«ታዲያ ሥራዬ ይቅር?»

ጮኾ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዝግ ብሎ ነው የጠየቀኝ።

ታኅሣሥ 1

ዱሬቲ ደወለች። «ሃጂራዬ፣ እዚያ ደህና ከሠራች ላኪያት በቃ። የሎጁ ልጆች ይለምዷታል።»

እዚህ ግቢ ማንም መጥቶ ቢሰማት እንከን አያወጣላትም። ዓይኔን ሳላሽ ልሸጣት እችላለሁ። አብራርም ሥራውን ያገኛል። ከበር ከወጣ በኋላ የዕቃ ጉዳይ የገዢው ነው፤ እኔው ራሴ ስንቴ ብዬዋለሁ... ያን ችካል የሚመታውን ሰው ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

አልላክኋትም።

ታኅሣሥ 4

ጋሽ ገረሱ የፓምፕ ላስቲክ ሊገዙ መጡ። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አፋር ሲወርዱ ሲወጡ የኖሩ። አብራር ሲያስነሳት ሰምተው ወደ ጓሮ ዘለቁ።

«ጥሩ ትመታለች። ምኗን ነው ያመማት?»

«እዚህ ደህና ናት ጋሼ። ላንጋኖ ስትደርስ ነው የምትጠፋው። ጎረቤት ጂን አለባት ይላል።»

«የት አስተካከልካት?»

«እዚሁ።»

ከት ብለው ሳቁ። «የደጋ ሞተር አድርገህ ሠርተህ ቆላ ትወስዳታለህ? ኮልፌ አየሩ ስስ ነው። ቤንዚኗን በኮልፌ አየር ልክ መጠንክላት። እዚያ ታች አየሩ ወፍራም ነው፤ ቤንዚኑ ያንሳታል። ረሃብ ነው እንጂ ምን ጂን አለ! እኔ በቤንዚን መኪና አዋሽን ባለፍኩ ቁጥር ካቻቢቴ አውጥቼ ያቺን ብሎን ሩብ ዙር እከፍትላት ነበር። ስመለስ እዘጋለሁ።»

አብራር ግንባሩን መታ።

«እዚያው ውሃ ላይ፣ ሞተሯ ሞቆ አስተካክላት። ግን በገመድ እሰራት። አንተንም ይሰሩህ» ብለው እየሳቁ ወጡ።

የሳቁበትን ምክር ያዝኩ።

ሌላም ነገር ያዘኝ። የመቂ ሽንኩርት ገበሬዎች። «እናንተ ጋ ደህና ነበረች» እያሉ ስንት የቤንዚን ፓምፕ መልሰውልኛል? ስንቱን «አያያዝ አታውቁም» ብዬ አሳፍሬ ሰደድኩ?

ታኅሣሥ 9

ላንጋኖ። ጠዋት ሦስት ሰዓት።

እሷን በወፍራም ገመድ ከመድረኩ ቋሚ ጋር አሰርናት። ቀጭኑን የአብራር ጃኬት ላይ ቋጠርኩ። ጫፉን ከመድረኩ ላይ ሆኜ ልይዝ ነበር።

«ከዚያ ላይ ገመዱ ይረግባል። ውሃ ከነካ ሆዷ ውስጥ ስባ ታስገባዋለች። ወይ ግቢ ወይ ተይው እታለም።»

ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ቁርጭምጭሚት። ጉልበት። እግሬን አላየውም... ወገብ። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ጥርሴ ግን ይንቀጫቀጫል።

«ምን ሆነሻል? እንዲህ የምትፈሪው ለምንድነው?»

ነገርኩት። ካባው ጋ ዩሱፍን ይዤው የነበርኩት እኔ ነኝ። ጫማዬን ጭቃ ያዘው፤ ልጠርግ ጎንበስ ስል እጁን ለቀቅኩት። ዳር ቆሜ ጮህኩ እንጂ አልገባሁም።

ካቻቢቴውን ዝቅ አደረገ።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥራ አንድ።»

ውሃውን አየ። «ገመዱን ከፍ አድርገሽ ያዢ» አለኝ፤ «ላስነሳት ነው።»

ሩብ ዙር ከፈተ። ነዳጅ ሰጣት፣ ለቀቀላት። ድምፁ ወረደ... ወረደ... ሳለች። ጠፋች። ሌላ ትንሽ፣ ከሩብ ያነሰ። ሰጣት፣ ለቀቀላት። ወረደ... ዱክ። ዱክ። ዱክ። አሥር ጊዜ ደጋገመው። አሥሩንም ያዘች። ገመዱ መዳፌን ልጦታል፤ ያወቅኩት ከወጣሁ በኋላ ነው።

ያ ችካል ሲመታ የነበረው ሰውዬ ከሩቅ ቆሞ ያይ ነበር። ስሙን ጠየቅኩት። ደሜ ይባላል። «ዛሬስ ልቁም ወይስ ልሩጥ?» አለኝ።

ዱሬቲን ሁለት ነገር አስፈረምኳት። ብሎኗን ከአብራር በቀር ማንም አይነካትም። አብራር ዋና እስኪችል ማንንም ከኋላው አያፈናጥጥም። የገና እንግዶቿ ዳር ሆነው ይዩት። አጉረመረመች፤ ፈረመች። የዋና አስተማሪው ደሜ ነው፤ የሐይቅ ዳር ልጅ።

ታኅሣሥ 11

መቂ ደወልኩ። ባለፈው ክረምት ተቆጥቼ ወደ ሰደድኩት ገበሬ። «ካቻቢቴ አለህ?» አልኩት። መጀመሪያ የቀለድኩበት መስሎት ነበር።

ጥር 2

አብራር ላንጋኖ ከሄደ ሦስተኛ ሳምንቱ። ጓሮው ባዶ ነው፤ የሸራው ቦታ ላይ ሣር የለም።

በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሥራ ሲጨርስ ይደውላል። ሰላምታ የለም። ስልኩን ሞተሯ ጋ ያስጠጋዋል፤ እኔ ሱቅ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ዱክ ዱክ ዱክ። ደንበኛ ካለም ይጠብቃል።

ዛሬ ድምፁ ቀጥ አለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።

«አብራር?»

«አጥፍቻት ነው፣ አጥፍቻት ነው! ዛሬ ከመድረኩ እስከ ችካሉ ዋኘሁ።»

«ስንት ክንድ ይሆናል?»

«ሠላሳ።»

«ገመዱን ማን ያዘልህ?»

«ያለ ገመድ ነው እታለም።»

ፍርሃቱ አልሄደም። የሚሄድም አይመስለኝም። ቅዳሜ ሱቁን ግማሽ ቀን ዘግቼ ላንጋኖ እወርዳለሁ። ደሜ ሴትም አስተምራለሁ ብሏል። እስከ ወገብ ያለውን አውቀዋለሁ።