«ባ»ን ወደ «ብ» ስለ ቀየርኩበት ጥቆማ

ቀን፦ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሕዝብ ጥቆማ መቀበያና ማጣሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሰበታ

አመልካች፦ አትክልት ተድላ፣ ዕድሜ 54

ጉዳዩ፦ ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. የሰጠሁት ጥቆማ እንዲሰረዝና በጥቆማው ምክንያት የታሰሩት ኦቦ ዲሪርሳ እንዲፈቱ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በሰበታ ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩ፣ በጽሕፈት መሣሪያ መደብሬ ፎቶ ኮፒ የማነሳና ለባለጉዳዮች ማመልከቻ የምጽፍ ነኝ። የብዙ ሰው በደል በእጄ አልፏል። የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ በዳዩም እኔ ነኝ።

2. ባለፈው ሰኔ በገበያው መግቢያ በተወረወረ ቦምብ ሁለት ሰዎች መሞታቸውን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። አንዷ ከመደብሬ ፊት ለፊት ድንች ትሸጥ የነበረችው ሐኒ ናት። ሚዛኗን እኔ ጋ ታስቀምጥ ነበር፤ እስካሁንም እኔ ጋ ነው፤ የሚወስደው ሰው አልመጣም። ስለዚህ የሰዉ ፍርሃት የውሸት አልነበረም፤ ጽሕፈት ቤቱም «ጠቁሙ» ማለቱ አግባብ ነበር። በዚህ ማመልከቻ የምከሰው ራሴን ነው፤ ጽሕፈት ቤቱን በጥቂቱ ብቻ።

3. ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ስብሰባ እንጠራ ነበር። ሌላው ቀጠና ጥቆማ ይዞ ሲመጣ የእኛ ባዶ እጁን ይመጣል። የቀጠናችን አስተባባሪ አቶ ኤልቃና አንድ ቀን በሰው ፊት፣ «አቶ አትክልት፣ እናንተ ሰፈር ብቻ ነው እንዴ ሰላም የሆነው?» አሉኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሰላም መሆን የሚያስጠረጥርበት ወቅት ነበርና ሳቄ ቤት ድረስ አልዘለቀም። የመጣሁት ከደብረ ታቦር ነው። ይህን መታወቂያዬ ባይናገር አነጋገሬ ይናገራል። የመታወቂያዬ እድሳት ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ «ይጣራ» ተብሎ ተይዟል። ሳልጠቁም ከቆየሁ እጠቆማለሁ ብዬ ፈራሁ። ይህን የማቀርበው እንደ ማቅለያ ሳይሆን እንደ ምክንያት ነው።

4. ነሐሴ 19 ቀን ከቀትር በኋላ ጎረቤቴ ኦቦ ዲሪርሳ በአጥሩ ማዶ ቆመው፣ ተጂ ከሚኖረው የአጎታቸው ልጅ ከሞቱማ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ፣ «ቦምባ ሰና ቦሩ ገነማ አዋላ» ሲሉ ሰማሁ። ትርጉሙ «ያንን ቧንቧ ነገ ጠዋት እንቀብረዋለን» ነው። ቦምባ ቧንቧ ነው፤ በዚህ ከተማ ጀሪካን ይዞ ወረፋ የቆመ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። በዚያው ዕለት አሥር ሰዓት ላይ በጥቆማ ቅጹ «ቦምብ ነገ ጠዋት እንቀብራለን ሲሉ ሰምቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ራብዑን «ባ» አንሥቼ ሳድሱን «ብ» አስቀመጥኩ፤ ሌላ የነካሁት ነገር የለም። ቅጹን የተቀበሉኝ ሠራተኛ አንብበው፣ እንዲህ ጥርት ያለ ጥቆማ ደርሷቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

5. ኦቦ ዲሪርሳ በማግስቱ ጠዋት ቦይ ውስጥ ቆመው፣ ዶማ በእጃቸው እንዳለ ተያዙ። ከቦምብ ቀባሪ የሚጠበቀው ሁሉ ተሟልቶ ተገኘ፤ ጉድጓዱም፣ ዶማውም፣ ከተጂ የመጣው ዘመድም። አብሯቸው የተያዘው ሞቱማ በሳምንቱ ተለቀቀ። የጎደለው ቦምቡ ብቻ ነው። የምርመራው ወረቀት የቦምቡ አለመገኘት «በከፍተኛ ጥንቃቄ መደበቁን ያመለክታል» ይላል። አርባ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦም «ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ባዶ የሆነበት ምክንያት ያልታወቀ» ተብሎ በኤግዚቢትነት ተመዝግቧል። ባዶ የሆነው ውሃ ገና ስላልገባበት ነው። ወረቀቱ ምን እንደሚል የማውቀው ለቤተሰቡ ፎቶ ኮፒ ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። በቀጣዩ እሑድ ስብሰባ፣ ስሙ በምስጢር ለተያዘ አንድ ዜጋ ይጨብጨብለት ተባለ። አብሬ አጨበጨብኩ፤ የማያጨበጭብ ሰው ያስታውቃል።

6. ጥቅምት 5 ቀን የኦቦ ዲሪርሳ ባለቤት ወይዘሮ ገለቴ ወደ መደብሬ መጡ። የመጡት ለባለቤታቸው የመፈቻ ማመልከቻ ሊያጽፉ ነው። በሰፈሩ ሌላ ጸሐፊ የለም። ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ማንነቱ ያልታወቀ ጠቋሚ በሐሰት» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆሙኝ።

«በሐሰት አትበል፣ ወንድሜ። ተሳስቶ ይሆናል። ሰው ሲፈራ ጆሮውም ይፈራል። እሱም እኮ ቤተሰብ ይኖረዋል።»

ሰረዝኩና «በስህተት» አልኩ። ሲወጡ «ዋቅኒ ሲፍ ሀ ኬኑ» ብለው መረቁኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥህ ማለታቸው ነው። አሜን አልኩ። ወንበሬ ላይ ብዙ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው አሜን ያልኩት ለማን እንደሆነ የገባኝ።

7. ምርቃቱን መሸከም ስላቃተኝ ጥቅምት 8 ቀን ለጽሕፈት ቤትዎ የመጀመሪያውን ማመልከቻ አስገባሁ። በእርሱም፣ አፋን ኦሮሞ ስለማልችል ቃሉን አሳስቼ ሰማሁ አልኩ። ጽሕፈት ቤቱ ጥቅምት 27 ቀን የሰጠኝ መልስ፣ «ጠቋሚው ቋንቋውን እንደማይችሉ ራሳቸው ያረጋገጡ በመሆኑ፣ የሰሙት ቃል ቦምብ አለመሆኑን ሊመሰክሩ አይችሉም፤ ስለሆነም ጥቆማው ባለበት ይጸናል» የሚል ነው። አንብቤ አንብቤ እንከን አላገኘሁበትም። ጥቆማውን ስሰጥ ግን ቋንቋውን ትችላለህ ወይ ያለኝ አልነበረም። ለካ ቦምብ ነው ለማለት ቋንቋ አያስፈልግም፤ አይደለም ለማለት ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ የጎደለውን ማስረጃ ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

8. አፋን ኦሮሞ እችላለሁ። ገበያ እከራከርበታለሁ፤ ለቅሶ ቤት አጽናናበታለሁ። ኦቦ ዲሪርሳ ራሳቸው፣ «አትክልት፣ አንተ አፋን ኦሮሞ የሚጠፋብህ ዕቃ አግዘኝ ስልህ ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቃሉን በትክክል ሰምቻለሁ። ቧንቧ መሆኑንም አውቅ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ኦቦ ዲሪርሳ አጥሩን ተደግፈው፣ «ከቆፈርኩ አይቀር፣ በአንተም በኩል አንድ ጫፍ ላውጣልህ?» ብለውኝ እሺ ብያለሁ። ውሃው የሚወጣበትን ቦታም ግድግዳዬ ላይ በኖራ አመልክቼላቸዋለሁ። ምልክቱ አሁንም አለ፤ መርማሪ ቢላክ አሳያለሁ። ሰውዬው የታሰሩት ለእኔም ጭምር ውሃ ሲያመጡ ነው።

ጆሮዬ አልተሳሳተም። እጄም አልተሳሳተም። ለሃያ ዓመት የሰው ማመልከቻ ሳርም የኖርኩ ሰው ራብዕና ሳድስ አይምታታበትም።

9. ኦቦ ዲሪርሳ ከታሰሩ ዛሬ ሰማንያ አምስት ቀናቸው ነው። ኅዳር 24 ቀን ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፤ በዚያ ዕለት በሽብር ተግባር ይከሰሱ ወይስ ይለቀቁ የሚለው ይወሰናል። በመዝገቡ ላይ ካለው ማስረጃ የእኔ ቃል ቢወጣ የሚቀረው አንድ ቦይና አንድ ቱቦ ነው። ስለሆነም፦

ሀ) ጥቆማዬ በስህተት ሳይሆን በሐሰት የተሰጠ ተብሎ እንዲሰረዝ፤

ለ) ይህ ማመልከቻ ከኅዳር 24 በፊት ለፍርድ ቤቱ እንዲተላለፍና፣ ኦቦ ዲሪርሳ ከነቱቧቸው ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ፤ እባክዎ ይህኛው «ይጣራ» ተብሎ እንዳይቆይ፤

ሐ) ስሜ በምስጢር እንዲያዝ የተሰጠኝን ጥበቃ በፈቃዴ ስለተውኩ፣ ስሜ በመዝገቡ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በሐሰት የጠቆመ በሕግ እንደሚጠየቅ በቅጹ ጀርባ በትናንሽ ፊደል ታትሟል። ያኔም አንብቤዋለሁ። ለምጠየቀው ሁሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በመደብሬ እገኛለሁ፤ አጃቢ መላክ አያስፈልግም፣ ከተጠራሁ በእግሬ እመጣለሁ።

ለጽሕፈት ቤቱ ከሚገባው አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
አትክልት ተድላ

ግልባጭ፦
– ጉዳዩን ለያዘው ፍርድ ቤት
– ለወይዘሮ ገለቴ፤ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ይህን አስገብቼ እንደተመለስኩ ቤታቸው ሄጄ እኔው ራሴ በአፋን ኦሮሞ አነብላቸዋለሁ።