ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? ጉልበትህ እንዴት ነው? በውድድሩ ዘጠነኛ ቀን በዝናብ ወድቀህ የተላጠው ክርንህስ ደረቀልህ? እህል ይወርድልሃል? እኔ ካውያ ስገፋ ከሚይዘኝ ወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

የብስክሌት ውድድራችሁን ሃያ አንዱንም ቀን ከጋዜጣ ላይ ሳላስቀር አነበብኩ። ጋዜጣው የመሪውንና ያንተን ሰዓት ብቻ ነው የሚያወጣው። የሱ በየቀኑ በአራት በአምስት ሰዓት ይጨምራል፤ ያንተ በደቂቃ። ፊደል ያለ አስተማሪ የቆጠርኩ ሴት፣ ልጄ እየበረረ ነው አልኩ በሆዴ። በመጨረሻው ቀን እሱ ሰማንያ አራት ሰዓት፣ አንተ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሲል፣ እኔ ድምፄ የማይሰማው ሴትዮ ልብስ ማጠቢያ ቤቱን በእልልታ አናጋሁት።

ከጎኔ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ጋዜጣውን ተቀብሎኝ አየና፣ «እማማ፣ ይሄኮ ከአንደኛው የዘገየበት ነው። መቶ ሠላሳኛ ወጥቷል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሸሚዝ ሲዘገይብኝ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች «በልጅሽ ወጣሽ!» ይሉኛል። ይሳቁ፤ አንገቴን ያስደፋኝ ሳቃቸው አይደለም። ያን ዕለት ሰፊው ቀጠለና፣ «ዘግይቶ ስለጀመረ እኮ ነው። ያኔ ለብስክሌት ቡድኑ ቢመረጥ ኖሮ ዛሬ ከፊተኞቹ ጋር ነበር» አለ። ይህን ያለው፣ ጎማዬን ሰረቀኝ ብለህ አሥራ አንድ ዓመት ያኮረፍከው ጓደኛህ ነው።

ልጄ፣ የምርጫው ዕለት ማለዳ የኋላ ጎማህን የወሰድኩት እኔ ነኝ። አባትህን ብስክሌቱ ላይ እንዳለ መኪና ገጭቶ ከገደለብን ገና አምስት ወሩ ነበር። አንተንም እንዳላጣ ፈራሁ። ጎማውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ጓደኛህ ላይ ስትጮህበት በር ላይ ቆሜ ሰማሁ፤ እሱ ሲያለቅስም አየሁ። አፌን አልከፈትኩም።

እስከዚህ ያለውን መጀመሪያ ለሰፊው አነበብኩለት። መቀሱን አስቀመጠ። በኋላ፣ «ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ይሂዱ እንጂ፣ እማማ» አለኝ።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ልጅ የሚይዙላችሁን አማትህንም እጅ ነሥታለች በልልኝ። ለእኔ መልስ መጻፍ ቢያስጠላህ አልቀየምህም፤ ለሱ ግን ጻፍለት።

እናትህ

ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ የጓሮ ክፍል፣ ሐምሌ 19 ቀን