ያልተረጎምኸው ቃል

ውድ ወልደ ዮሐንስ፣

«ውድ» ያልሁህ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ አብረን ካደግን ወዲህ በሌላ ስም ጠርቼህ አላውቅም። የላክኸው ሰው ደርሷል። «ግባ፤ ምሕረት ጠይቄልሃለሁ፤ መቶ አለቃው ሞተር የሚያውቅ ሰው ቸግሮታል» ብለሃል።

ቡሬ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ እኔ የመቶ አለቃውን አውሮፕላን ስጠርግ፣ አንተ ስትተረጉምልኝ፣ ያ ጣልያን ያስተማረንን አልረሳሁም። ሁለት እጀታ ነበራት፤ አንዱ የሞተሯን ጉልበት፣ ሌላው አፍንጫዋ ላይ የምትሽከረከረውን ኤሊካ የሚያዝ። ኤሊካዋ የራሷን ትንንሽ ክንፎች ማዘንበል እያስተካከለች ዙሯ እንዳይዛነፍ ትጠብቃለች። «ጉልበት ስትሻ ኤሊካዋን አስቀድም፣ ዙሯ ይጨምር፤ ከዚያ ጉልበቱን ስጣት። ስትቀንስ ጉልበቱን አስቀድመህ አጉድል፣ ኤሊካዋን አስከትል። ዙሯን ሳታሳድግ ጉልበት ከጫንህባት ሞተሯ ታፍና ትቃጠላለች» ይል ነበር። ይህን ሲናገር ድምፁ ይለሰልሳል። እኔም ሰው መስሎኝ ወድጄው ነበር።

ያን ቅዳሜ ከደምበጫ ወዲያ ባለው ገበያ ላይ ቦምብ ጥሎ ሲመለስ ሞተሯ ትንተከተክ ነበር። ከታች ሲተኩሱበት ደንግጦ፣ ኤሊካዋን ረስቶ ጉልበቱን ብቻ ገፍቶታል። ወርዶ ዳበሳት። «ምስኪን! በደልኋት!» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንተም አንድ ቃል ሳታጎድል ተረጎምህልኝ።

በማግስቱ የጨው ነጋዴው መሐመድአወል በአጥሩ በኩል ጠራን። «እትዬ አልጣሽን ቀብረናቸው መምጣቴ ነው። ከገበያተኛው የተረፈው ጥቂት ነው» አለን። እናትህ ከሞቱ ጀምሮ አዝለው ያሳደጉህ አክስትህ! እኔንም ከማዕዳቸው ለይተውኝ አያውቁም። አንገትህን ደፋህ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

ወዲያው መቶ አለቃው መጥቶ «ሞተሯ ዳነች ወይ?» አለ።

«ንገረው» አልሁህ። «ለብረት ያነባ ዓይንህ ለሰው ምነው ደረቀ በለው። የገደልሃቸው አሳዳጊዬ ናቸው በለው።»

አንተ ፈገግ ብለህ «ድናለች፣ ጌታዬ» አልኸው። ያችን ታህል ጣልያንኛ እኔም አውቃለሁ። ሲጋራ ሰጠህ፤ ጎንበስ ብለህ በሁለት እጅህ ተቀበልህ።

ውሃ ልቅዳ ብዬ የወጣሁት ያኔ ነው፤ ወደ አርበኞቹ ሄጄ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለስሁም።

እሱን እጠላዋለሁ፤ ጠላት ነውና ጥላቻ ይበቃዋል። አንተን ግን ተጸየፍሁህ። ያ ፈገግታህ እህል ስቀምስ ትዝ ይለኛል፤ ጉርሻው አፌ ውስጥ ይመርራል። ፈርቼ ነው ብትለኝ እንኳ ይገባኝ ነበር፤ እኔም እፈራለሁ። ፍርሃት ግን ዝም ያሰኛል እንጂ ፈገግ አያሰኝም።

አልገባም። ሌላ ሰው እንዳትልክ።

እዚህ ቆላ የእትዬ አልጣሽን ተዝካር አውጥተናል። ጨውን መሐመድአወል ይዞልን ወረደ፤ ጠላውን የአርበኞቹ ሚስቶች ጠመቁ። ከፍትሐቱ በኋላ አባ ገብረሰንበት «የሟቿ የቅርብ ዘመድ ማነው? ይነሣ» አሉ።

እኔ ተነሣሁ።

እጅጉ