ወደ ወንዙ፣ ወደ ዘንባባው

ለምወድህ ወንድሜ ፓኪን፣

እንደምን ነህ፣ ወንድም ጋሼ? ካለህበት ሆነህ ደኅና ነህ? እንቅልፍህስ? ጠዋት ስትነሳ አንገትህ አሁንም ይንቋቋል? ያ የክረምቱ ትኩሳት ዳግመኛ እንደማይነካህ መነኩሴው ነግረውናል። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን። ፈተናዬን አልፌአለሁ፤ ስለ ሒሳቡ ግን አትጠይቀኝ።

ከሞትክ ወዲህ አባባ ጥርሱን ነክሶ ነው የከረመው። አላለቀሰም። ለስኳር የሚሆነውን ጭማቂ ሊቀዳ ዘንባባ ላይ ሲወጣ ቢላዋውን በጥርሱ እንደሚይዝ ታውቃለህ፤ ከወረደ በኋላም መንጋጋው እንደነከሰ ይቀራል። ሽቅብ ሲያይ የሚውለው አንገቱም ደርቆ፣ ሰው ሲጠራው እንደ በሬ ሙሉ ሰውነቱን ያዞራል። በመጨረሻ አፉ ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት አለ። የሩዝ አጥሚት ብቻ እየጠጣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ሲል እማዬ ፈራች። ሐኪሟ አይታው፣ አጥንቱ ደኅና ነው፣ ጡንቻው ተኮማትሮ ነው፣ በየቀኑ ቀስ እያላችሁ አፍታቱት አለችን። ማን ያፍታታው? በቤተ መቅደሱ ግቢ፣ ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ በተቀረጹት የድንጋይ ባሕታውያን ፊት፣ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን የምታፍታታው አንተ ነበርክ።

ጎረቤታችን እማማ ላማይ ግን ደጃችን ድረስ መጥታ፣ «አንተ ቀጫጫ፣ ወንድምህ ግቢውን ይዞት አልሄደም። ነገ ካልመጣህ ከድንጋዩ ባሕታዊ ጋር እሠራለሁ፤ እሱ ቢያንስ አያፍርም» አለችኝ።

እማዬ ሰላም ትልሃለች፤ የምትወደውን ማንጎ በየሳምንቱ በስምህ ለመነኮሳቱ ትሰጥልሃለች። ውሻህም ጫማህ ላይ መተኛቱን አልተወም። አያታችንን እዚያ ካገኘኸው እጅ ንሳልኝ።

ብቻዬን የቆምኩበትን የመጀመሪያውን ጠዋት ነግሬህ ላብቃ። ትከሻችሁን ዝቅ፣ አገጫችሁን ወደ ኋላ አልኩ፤ ደኅና ሄደ። ምላሳችሁን ላንቃችሁ ላይ አሳርፉ፣ አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ካመማችሁ አቁሙ አልኩ፤ ይህም ሄደ። ከዚያ ጆሮን ወደ ትከሻ ማዘንበል መጣ። አንተ ቀኝና ግራ ሳትል «ወደ ወንዙ፣ ወደ ዘንባባው» ትል ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ «ወደ ቀኝ» ብዬ ወደ ቀኜ አዘነበልኩ። ግማሹ አፌን ሰማ፣ ግማሹ አንገቴን ተከተለ፤ አባባና እማማ ላማይ ግንባር ለግንባር ተጋጩ።

«ኧረ ይሄ ልጅ ሊጨርሰን ነው» አለች እማማ ላማይ።

አባባ ግንባሩን ያዘ። ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ፣ ሲስቅ እንባው ወረደ፤ እማዬም አብራው አለቀሰች። አፍህን ክፈትና በጣትህ ለካው አለችው። ሁለት ገባለት። ሦስተኛው ገና ነው። ጣቶቹን ከአፉ ሳያወጣ፣ አንገቱን ብቻ ወደ እኔ አዙሮ፣ የማይሰማ ነገር ተናገረ። ምን አለ ብዬ እማዬን አየኋት።

«ነገም እንዲሁ ተሳሳት ነው የሚልህ» አለችኝ።

ታናሽህ ኒራን
ፔቻቡሪ፣ ጥር 9 ቀን