የአውራ ጣት ቀለበት

የካቲት 9
ቀኑን ሙሉ በአባዬ ጎራዴ መሥሪያ ውስጥ ሰም ከስለት ላይ ሳነሳ ዋልኩ። አሲዱ የሳልኩትን ንስር ብረቱ ላይ በደንብ በልቶልኛል፤ ላባው አንድ በአንድ ይታያል። ደስ ብሎኛል፣ ምን ልደብቅ።
ከሰዓት አዲስ ደንበኛ መጣ። አቶ ኦልሻንስኪ፣ ድሮ ፈረስ ግልቢያ ያስተምሩ የነበሩ። ልጃቸው በሰኔ ታገባለች። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጎራዴ ከላይ አጋጥመው በሥሩ ከሚያሳልፏቸው ሰዎች ጋር መቆም ይፈልጋሉ። የጥንት ፈረሰኞች የሚይዙት ዓይነት ይሁንልኝ አሉ፣ አውራ ጣት የሚገባበት ቀለበት ያለው።
አንድ እጃቸው ከካፖርት ኪስ ሳይወጣ መጡ፣ ሳይወጣ ሄዱ። ሰላምታቸው እንኳ በአንገት። ምን ዓይነት ኩራት ነው? አባዬ ሻይ አፍዪ ብሎኝ አፍልቼ አቀረብኩና ኩሽና ተመለስኩ። ስወጣ ስኳር ያማስላሉ፣ ሁለቱም።

የካቲት 20
ቲሞን ደወለ። ወንድሜ ዋርሶ ተቀምጦ የዚህን ቤት ጉዳይ ሁሉ ያውቃል።
«አባዬ ሰገባ አቀያይሮ ላከ አሉ። ሉድካ፣ ሰውዬው ሰባ ስምንት ሞላው እኮ። ምድጃውን አጥፊበት።»
እውነቱን ነው፣ ባለፈው ወር የሁለት ደንበኞች ሰገባ ተቀያይሯል። ግን መዶሻ ሲይዝ... ቲሞን የት አይቶት።
በመጨረሻ ተስማማን። በአቶ ኦልሻንስኪ ጎራዴ ላይ ከተሳሳተ ይበቃዋል፤ ሥራው ይቆማል። የምነግረው እኔ ነኝ። ለምን እሺ አልኩ?

መጋቢት 6
አባዬ ስለቱን ዘይት ውስጥ አጠለቀው። መጀመሪያ መብራት ያጠፋል፣ የጋለውን ብረት ቀለም ለማየት። «ገና... ገና...» ከዚያ ዘይቱ ይንጫጫል። ሲቀዘቅዝ፣ እንዳልተሰነጠቀ ለማወቅ ጉንድ ላይ መታው። ጥርት ያለ ድምፅ።
ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬ ዛሬም አፌን ከፍቼ ነው የማየው።
«አፍሽን ዝጊ፣ ዝንብ ይገባል» አለኝ፣ ዞር እንኳ ሳይል።

መጋቢት 28
የወይን ሐረጉና የእመቤታችን ሥዕል ስለቱ ላይ ተቀርጸው አለቁ። የቀባኋቸው ወርቅም ያዘ።

ሚያዝያ 11
እጀታውን ገጠመ። በቀኝ እጄ ያዝኩት... አውራ ጣቴ ባዶ ቦታ ላይ አረፈ። ቀለበቱ በሌላኛው ጎን ነው የተበየደው።
የቀለበቱን ጎን በሰባት ዓመቴ ያስተማረኝ ራሱ እኮ ነው።
«አባዬ፣ ቀለበቱ...»
«ምን ሆነ?»
«በየት በኩል እንዳለ አይተኸዋል?»
«የበየድኩት እኔ ነኝ። አንቺ ወርቅሽን አብሺ።»
ሄዶ የቀይ ሥር ሾርባውን ጠጣ። በቃ፣ አለቀ ማለት ነው? ልቤ ተሰበረ። ለቲሞን ነገ እደውላለሁ።

ሚያዝያ 12
አልደወልኩም። ሞረዱን አነሳሁ። ቀለበቱን ቆርጬ በትክክለኛው ጎን ልበይደው... እሱ ሳያውቅ። መልሼ አስቀመጥኩት። በአባቴ ሥራ፣ ከጀርባው? የመጣው ይምጣ።

ግንቦት 21
አቶ ኦልሻንስኪ መጡ። አባዬ ጎራዴውን ጠረጴዛ ላይ አኖረና ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። እኔ መግቢያ ጠፍቶኛል።
ሰውዬው ግራ እጃቸውን ዘረጉ። አውራ ጣታቸው ቀለበቱ ውስጥ ገባ። ልክክ። ቀስ ብለው እስከ ጣሪያው አነሱት። ቀኝ እጃቸው ከኪሱ ወጥቶ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠለጠለ። ሽባ ነው።
«ምንም አልነገርኩዎትም እኮ» አሉ።
«ምን ይነግሩኛል? ጎራዴ አዘዙ፣ ሠራሁ» አለ አባዬ፣ አሁንም ወደ ውጭ እያየ።
አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።
ከሄዱ በኋላ ጮህኩበት። «ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»
«እሳቸው የደበቁትን እኔ ላውጣው?»
«እንዴት አወቅህ ታዲያ?»
«ሻይ የማስፈላሽ ጠምቷቸው መስሎሽ ነው? ስኳሩን በየትኛው እጅ እንደሚያማስሉ ለማየት ነው። አንቺ እንደሆንሽ ሁልጊዜ ኩሽና ነሽ።»
እንዲህ ያለ ሰው ነው አባቴ። ይኸው ጻፍኩት።

ሰኔ 7
ሠርጉን አየሁ። ልጅቷ አባቷ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ቀና ብላ ጎራዴውን አየች። የሰውዬው ክንድ አልተንቀጠቀጠም።
ማታ ቲሞን ደወለ። «እሺ፣ ተሳሳተ?»
«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኩት።

ሰኔ 19
ዛሬ አዲስ ደንበኛ መጣ። «የዚህኛውን ቀለበት አንቺ ነሽ የምትሠሪው» አለ አባዬ። ሻይ አፈላሁ። አቀረብኩ። ኩሽና አልተመለስኩም።